ጥልቅ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነውን?

ሰው ያላየውን ነገር እንዳየ አድርጎ የሚናገርባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ከእነዚህም አንዱ ከምድር በታች ያለው ውሃ ነው። አንዱ «ከእግራችን ሥር ባሕር ተኝቷል» ይላል፤ ሌላው «በዋሻ ውስጥ የሚያልፍ ወንዝ አለ» ይላል፤ ሦስተኛውም «ውሃው ከጥልቅ የወጣ ከሆነ ንጹሕ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ከሦስቱ ይልቅ የቤተሰብን ጤና የሚያሰጋው ይህ የመጨረሻው አነጋገር ነው፤ ግማሹ እውነት ነውና ሰው በቀላሉ ያምነዋል። እኛም ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ የተነሣሣነው፣ በጁባ ከተማ ሀይ ጀላባ በሚባለው ሰፈር በምንኖርበት ግቢ ይኸው አነጋገር በቡና ላይ ተነሥቶ፣ ዐሥራ አንድ ቤተሰብ ያጠራቀመውን ገንዘብ ሊያስወጣ ጥቂት ቀርቶት ስለ ነበር ነው።

«ሀይ» በዐረብኛ ሰፈር ማለት ነው፤ «ጀላባ» ደግሞ ከሰሜን ሱዳን ሸቀጥ ይዘው ወደ ደቡብ ይመጡ የነበሩ ነጋዴዎች የሚጠሩበት ስም ነው። ጁባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ናት፤ የተቈረቈረችውም በነጭ ዓባይ ዳር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ በወንዝ አጠገብ መኖርና ውሃ ማግኘት አንድ ነገር አይደሉም። የቧንቧ መሥመር ወዳልደረሰበት እንደ እኛ ግቢ ላለ ቤት ውሃው የሚመጣው በቦቴ ተጭኖ ነው። ወደ እኛ የሚመጣው የቦቴ ሾፌር የጎንደር ልጅ ሲሆን፣ ከበር ላይ ሆኖ «ጋሼ፣ በርሜሉን ይክፈቱልኝ!» ሲል ድምፁን የማያውቀው ሕፃን የለም። ነዳጅ ሲወደድ ውሃው ይወደዳል፤ መንገዱ በዝናብ ሲበላሽ ውሃው ይዘገያል። በ2014 ዓ.ም. በከተማዪቱ ኮሌራ ገብቶ ነበር፤ በተከታዮቹ ሁለት ዓመታትም ተመላልሷል። ስለዚህ በዚህ ከተማ የውሃ ነገር የጨዋታ ነገር አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከግቢያችን ቀጥሎ ባለው ግቢ ውስጥ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተቆፈረ፣ ነገር ግን ሥራ ላይ ያልዋለ የሰባ ሜትር ጉድጓድ ነበር። ባለቤቱ ሊሸጡት ፈለጉ። ፓምፑን ሊያቀርብ የመጣው ነጋዴም ሲኒውን እንደ ያዘ፣ «ሰባ ሜትር ነው እኮ! ቆሻሻ ሰባ ሜትር አይወርድም፤ ይህ ውሃ ከጠርሙስ ውሃ ይበልጣል» አለን። የተሰበሰበው ሰው በደስታ ራሱን ነቀነቀ። ቡናውን ያፈሉት እናት ግን ወደ እኛ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ አንተ ድሮ ውሃ ትለካ ነበር ይባላል፤ እስቲ ንገረን፤ ይህ ውሃ ወደዚያ የሚደርሰው በየት በኩል ነው?» ሲሉ ጠየቁን።

እኛም ወዲያው መልስ አልሰጠንም። ከዚያ ጥልቅ ጉድጓድ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ በእጅ የተቆፈረ ዘጠኝ ሜትር የሚሆን የቆየ ጉድጓድ አለ፤ ከእርሱም አጠገብ የሁለት ግቢ ሰው የሚገለገልበት መጸዳጃ ቤት አለ። ከላይ ያለው ውሃ ከታች ካለው ጋር ይገናኝ እንደ ሆነ ማንም አልመረመረም። ዝም ያሰኘን ግን ይህ ብቻ አልነበረም፤ አንድ የቆየ እፍረትም ነበረብን። እርሱን ለመናገር አንባቢን ለጥቂት ጊዜ ከጁባ ወደ አቃቂ ሜዳ ልንወስደው ግድ ነው።

አቃቂ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በፉሪና በየረር ተራሮች መካከል የተዘረጋ ሜዳ ነው። አዲስ አበባ ውሃዋን ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ብቻ ሳይሆን በዚህ ሜዳ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶችም ታገኛለች። ምድሩ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። በልዩ ልዩ ዘመን የፈሰሰው የቀለጠ ድንጋይ አንዱ በሌላው ላይ እየተነጠፈ ረግቷል፤ በሁለቱ መካከል ረጅም ዘመን ሲያልፍም አፈር ተሠርቶ ኋላ በሚቀጥለው ፍሰት ተቀብሯል። ስለዚህ ጉድጓድ ሲቆፈር መኪናው የሚያወጣውን ፍርፋሪ በየሁለት ሜትሩ እየለዩ በመሬት ላይ በተራ ቢደረድሩት፣ መጀመሪያ ጥቁሩ መረሬ፣ ቀጥሎ ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያም ቀይ ቀዳዳማ ድንጋይ፣ ከዚያም ቀይ ጭቃ፣ እንደ ገናም ጠንካራ ድንጋይ እየሆነ ይወርዳል።

ይህን ነገር ለመረዳት ከቤታችን መሶብ የተሻለ አስተማሪ የለም። ዐይን ያወጣ እንጀራ ወጡን ይይዛል፤ ዐይን ያላወጣው ግን ወጡን ከላይ ያንሳፍፈዋል። ድንጋይም እንደዚሁ ነው፤ ውሃን የሚይዘው ዐይን ያለው ወይም የተሰነጠቀ ድንጋይ ነው፤ ውሃን የሚያሳልፈውም ዐይኖቹ እርስ በርሳቸው ሲገናኙ ነው። እንግዲህ ከምድር በታች ያለው ባሕርም ወንዝም አይደለም፤ በጥቃቅን ቀዳዳና ስንጥቅ ውስጥ የሚሄድ ውሃ ነው። ብዙ ጊዜም በቀን የሚጓዘው ከጥቂት ሳንቲ ሜትር እስከ ጥቂት ሜትር ያህል ብቻ ነው።

በሁለት ውሃ ያዘል ንብርብሮች መካከል ያለው ጭቃስ? ብዙ ሰው ጭቃ እንደ ግድግዳ ውሃን ፈጽሞ የሚከለክል ይመስለዋል። ነገር ግን እንስራችንን እንመልከት። እንስራ ከሸክላ የተሠራ ነው፤ ውሃ ተሞልቶ ሲያድር አያፈስም፤ ሲነጋ ግን ውጪው አልቦት ይገኛል። በምድር ውስጥ ያለ የጭቃ ንጣፍም እንደዚሁ ነው። በእጅ መዳፍ ስፋት ቢመለከቱት ምንም አያሳልፍም፤ በአንድ ሙሉ ሜዳ ስፋት ሲሆን ግን ከላይ ወደ ታች ወይም ከታች ወደ ላይ የሚያሳልፈው ውሃ ቀላል አይደለም።

ይህን የማይታይ ጉዞ በቍጥር መናገር የተጀመረው በፈረንሳይ አገር ነው። የዲዦን ከተማን የውሃ ሥራ ያሠራው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ ውሃን በአሸዋ በተሞላ ቱቦ ውስጥ እያሳለፈ ከለካ በኋላ፣ በ1856 ዓ.ም. ውጤቱን አሳተመ። ያገኘውም ነገር አጭር ነው፤ ውሃ ከፍ ካለበት ወደ ዝቅተኛው ይሄዳል፤ የከፍታው ልዩነት ሲጨምር የሚያልፈው ውሃ ይበዛል፤ መንገዱ ሲረዝም ያንሳል፤ የአሸዋው ዓይነትም ይወስነዋል። በ1935 ዓ.ም. አሜሪካዊው ቻርልስ ታይስ፣ ከአንድ ጉድጓድ ውሃ ሲሳብ በዙሪያው ያለው የውሃ ወለል ከጊዜ ጋር እንዴት እንደሚወርድ የሚያሳይ ስሌት አወጣ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ሐንቱሽና ጄከብ የተባሉ ሊቃውንት፣ በጭቃው ንጣፍ በኩል ከላይ ውሃ ሲንጠባጠብ ስሌቱ እንዴት እንደሚለወጥ አስረዱ። ከዚያ ወዲህ የውሃ መርማሪ፣ እንስራው ማላቡን በቍጥር የሚያውቅበት መንገድ አገኘ ማለት ነው።

ምርመራው በሦስት መንገድ ይደረጋል። የመጀመሪያው፣ በአንድ ስፍራ አጠገብ ላጠገብ በልዩ ልዩ ጥልቀት ጉድጓዶችን መቆፈርና እያንዳንዱ ለአንድ ንብርብር ብቻ እንዲከፈት አድርጎ ሌላውን በሲሚንቶ መድፈን ነው። በአንዱ ቱቦ ውስጥ ውሃው ከሌላው ከፍ ብሎ ከቆመ፣ መንገድ ካገኘ ወዴት ሊሄድ እንደሚፈልግ ይታወቃል። ሁለተኛው፣ ከአንዱ ጉድጓድ ውሃውን ሳያቋርጡ በአንድ መጠን መሳብና በሌሎቹ ያለውን የውሃ ወለል ደጋግሞ መለካት ነው። በሚሳበው ጉድጓድ ዙሪያ የውሃው ወለል እንደ ተገለበጠ የመሶብ ክዳን ይጎደጉዳል፤ ይህ ጉድጓዳ ምን ያህል እንደ ሰፋና መስፋቱን መቼ እንዳቆመ የሚያውቅ ሰው፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ብዙ ነገር አወቀ። ፓምፑ ከቆመ በኋላም መለኪያውን ማንሳት አይገባም፤ ውሃው ወደ ቦታው ሲመለስ የሚናገረው ነገር ሲወርድ ከተናገረው አያንስምና።

ሦስተኛው የውሃውን ዕድሜ መጠየቅ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአየር ላይ የተፈነዱት የኑክሌር ቦምቦች ትሪትየም የሚባለውን ነገር በዓለም ዝናብ ሁሉ ውስጥ ጨምረውበታል። ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ ውሃ ውስጥ ትሪትየም ከተገኘ፣ ቢያንስ ከፊሉ ከዚያ ዘመን ወዲህ የዘነበ ነው። ለዚህ ሥራ እንዲረዳ ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዝናብ እየተጠራቀመ ሲመረመር ቆይቷል። እጅግ ለቆየ ውሃ ደግሞ ሌላ መለኪያ አለ፤ በ2004 ዓ.ም. በታተመ ጥናት በግብፅ ምዕራባዊ በረሃ ሥር ያለው የኑብያ አሸዋ ድንጋይ ውሃ ከሁለት መቶ ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ዓመት ያስቈጠረ ሆኖ ተገኝቷል። በሌላ በኩል የአዲስ አበባን ፍል ውሃ እናስብ። እቴጌ ጣይቱ በ1886 ዓ.ም. ከተማዪቱን ሲመሠርቱ የወደዱት ያ ውሃ ዝናብ የነበረ ነው፤ ወደ ጥልቅ ወርዶ በምድር ሙቀት ሞቆ በዐለት ስንጥቅ በኩል ተመልሶ ወጥቷል። እንግዲህ ጥልቅ ውሃ አንዳንዱ ከዓለም ተለይቶ የሚኖር መናኝ ነው፤ አንዳንዱ ግን ከላይ ካለው ጋር ዘወትር የሚጠያየቅ ጎረቤት ነው። የትኛው እንደ ሆነ ሳይመረመር አይታወቅም።

አሁን ወደ እፍረታችን እንመለስ። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ ወጣት በነበርንበት ጊዜ፣ በአቃቂ ሜዳ ሰባ ሁለት ሰዓት በሚፈጅ አንድ የጉድጓድ ምርመራ ላይ ቍጥር መዝጋቢ ሆነን ተቀጥረን ነበር። ሥራችን ፋኖስ ይዘን ከሚሳበው ጉድጓድ ራቅ ወዳለው የመመልከቻ ጉድጓድ በየግማሽ ሰዓቱ እየሄድን፣ ጫፉ ውሃ ሲነካ የሚጮኸውን ገመድ ማውረድና ቍጥሩን በደብተር መጻፍ ነበር። በሁለተኛው ሌሊት ውሃው በየግማሽ ሰዓቱ ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር እየወረደ ነበር። ከሌሊቱ 7 ሰዓት 18 ሜትር ከ64 ሳንቲ ሜትር ብለን ጻፍን፤ ከዚያም ብርዱን ሸሽተን በብርድ ልብስ ተጠቅልለን ቁጭ እንዳልን እንቅልፍ ወሰደን። ስንነቃ 11 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ሰባት ንባብ አምልጦናል። ተረኛው ሊመጣ ነው።

ያን ጊዜ ተነሥተን ብንለካ ኖሮ እውነቱን እናውቅ ነበር፤ ነገር ግን ፈራን። ውሃው ሲሄድ እንዳየነው እንደሚሄድ ተማምነን፣ 18 ከ66፣ 18 ከ68 እያልን እስከ 18 ከ78 ድረስ ሰባቱን ቍጥሮች በፋኖስ ብርሃን ጻፍናቸው። ተረኛው መጥቶ በ11 ሰዓት ሲለካ 18 ሜትር ከ67 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ፓምፑ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ሳያርፍ፣ ውሃው ዐሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ተመለሰ ማለት ነው!

ጧት መሐንዲሱ ቍጥሮቹን በወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ አስቀመጣቸው፤ የእኛ ሰባት ነጥቦች ብቻ በማስመሪያ የተሠመሩ መስለው ቀጥ ብለው ወርደው ነበር። አልተቆጣንም። እርሳሱን አስቀምጦ፣ «አንተ ሌሊት የለካኸው ውሃውን አይደለም፤ የራስህን ግምት ነው» አለን። ነገሩንም አስረዳን። በእነዚያ ሰዓቶች ውስጥ የውሃው መውረድ ሊያቆም ተቃርቦ ነበር፤ ይኸውም የላይኛው ንብርብር በጭቃው በኩል ውሃውን ማቀበል ጀምሮ ነበር ማለት ነው። ያ ሁሉ መኪና፣ ያ ሁሉ ነዳጅና ያ ሁሉ ሰው ወደዚያ ሜዳ የመጣው ያችን ሰዓት ለማየት ነበር፤ እኛ ግን ተኝተን አሳለፍናት፤ ከተነሣን በኋላም ዋሸናት። ፓምፑ ቆመ፤ ውሃው ወደ ቦታው እስኪመለስ ተጠበቀ፤ ምርመራውም ከመጀመሪያው ተደገመ። መሐንዲሱ የእኛን ቍጥሮች አልፋቃቸውም፤ በላያቸው አንድ መሥመር አሳልፎ በጎናቸው «አልተለካም» ብሎ ጻፈባቸው። ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

በሀይ ጀላባ ያ ነጋዴ «ቆሻሻ ሰባ ሜትር አይወርድም» ሲል በልባችን የመጣው ይኸው ቃል ነበር። ስለዚህ ለተሰበሰበው ሰው፣ «እኛ አናውቅም፤ ነገር ግን በአንድ ቀንና በአንድ ሌሊት ልናውቅ እንችላለን» ብለን መለስን። አንዳንዱ በዚህ ቅር አለው፤ ገንዘቡ ተሰብስቧል፣ ዋጋውም ሊጨምር ይችላልና። ባለ ጉድጓዱ ግን «ሞክሩ፤ ምን ቸገረኝ» አሉ፤ የጄኔሬተሩን ነዳጅ ዐሥራ አንዱ ቤተሰብ አዋጣ።

በእርግጥ የጁባ ምድር እንደ አቃቂ አይደለም። በከተማዪቱ ሥር ያለው ጥንታዊ ጠንካራ ዐለት ነው፤ በላዩ የረገበና ወደ አፈርነት የተለወጠ ንጣፍ አለ፤ በታች ደግሞ ውሃ የሚገኘው በዐለቱ ስንጥቆች ውስጥ ነው። እስከ ብዙ መቶ ሜትር የሚደርሰው የአሸዋና የጭቃ ድርብርብ የሚገኘው ከከተማዪቱ ወደ ሰሜን፣ ወንዙ ወደ ረግረጉ በሚሰፋበት አገር ነው። ነገር ግን የእማማ ጥያቄ በሁለቱም ስፍራ አንድ ነው፤ የላይኛውና የታችኛው ይገናኛሉን?

ስለዚህ እንዲህ አደረግን። ከምርመራው በፊት ባለው ቀን ከሁለቱም ጉድጓዶች ማንም እንዳይቀዳ ተለመነ። በእጅ በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ፣ ጫፉ ላይ ቡሎን ያሰርንበትንና ጠመኔ የቀባነውን የብረት ሜትር እስከ ታወቀ ምልክት ድረስ እያወረድን፣ ጠመኔው የረጠበበትን እያየን ለካን፤ ውሃው ከአፉ 6 ሜትር ከ42 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆሞ ነበር፤ በማታና በጧት መካከል ከአንድ ሳንቲ ሜትር የበለጠ ለውጥ አልታየም። ከጧቱ 12 ሰዓት ከጥልቁ ጉድጓድ ውሃ መሳብ ተጀመረ። የሚወጣው ውሃ ተመልሶ እንዳይሰርግ በረጅም የጎማ ቱቦ ወደ ሩቅ የመንገድ ቦይ ተወሰደ፤ ከፊሉንም የቦቴው ሾፌር ለግንባታ ሥራ ጫነው። የሁለት መቶ ሊትር በርሜል በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ በየሰዓቱ ስናይ አራት አራት ደቂቃ ነበር፤ መጠኑ ስላልተለዋወጠ ደስ አለን።

መዝጋቢያችን የጎረቤት ልጅ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ንባቡ በየግማሽ ሰዓቱ ይካሄዳል። እስከ ቀኑ 4 ሰዓት ድረስ በላይኛው ጉድጓድ ምንም ለውጥ አልነበረም፤ አንዳንዱ ሰው «አላልንም?» ማለት ጀምሮ ነበር። በ5 ሰዓት 6 ሜትር ከ44 ሆነ። «የእጅ ስሕተት ነው» ተባለ፤ ሁለተኛ ሰው ለካ፤ ያው ሆነ። በ7 ሰዓት 6 ከ49 ደረሰ። በ8 ሰዓት ልጅቱ እናቷ ልከዋት ዘግይታ ስትመጣ፣ «ጋሼ፣ ምን ልጻፍ? ከላይና ከታች ያለውን አይቼ መካከሉን ልሙላው?» ብላ ጠየቀችን። ይህን ስትል ልባችን ደነገጠ። «አይ ልጄ፤ አልተለካም ብለሽ ጻፊ» አልናት፤ ጻፈችም።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ፓምፑ ሲቆም የላይኛው ጉድጓድ ውሃ 6 ሜትር ከ61 ሳንቲ ሜትር ላይ ነበር። ሌሊቱን ሴቱም ወንዱም በየተራ በባትሪ ብርሃን ሲለካ አደረ፤ ውሃው ቀስ እያለ ተመለሰ፤ በማግሥቱ እኩለ ቀን 6 ከ45 ደረሰ። ሲሳብ የወረደ፣ መሳቡ ሲቆም የተመለሰ በመሆኑ፣ ሁለቱ ውሃዎች በአንድ መንገድ እንደሚገናኙ ግልጽ ሆነ። ጥልቁን በሳብን መጠን ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ያለውን ውሃ ወደ ታች እየጠራነው ነበር ማለት ነው።

ማታ ጉባኤው ሲሰበሰብ እውነቱን ሳንጨምርና ሳንቀንስ ለመናገር ሞከርን። ምርመራው መንገዱ ክፍት መሆኑን አሳይቷል እንጂ ቆሻሻው ደርሷል አላለም፤ ያን የሚናገረው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚናገረው ስለ ተቀዳበት ቀን ብቻ ነው። አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «የቦቴው ውሃስ ከወንዝ አይደለም ወይ? እርሱ ከዚህ ይሻላል?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ትክክል ነበር። መልሳችንም፣ የወንዙ ውሃ ንጹሕ አለመሆኑ ስለሚታወቅ በክሎሪን ይታከማል፣ ይፈላል፤ ንጹሕ ነው የተባለ ውሃ ግን እንዲያው ለሕፃን ይሰጣል፤ አደገኛውም ይህ ነው የሚል ነበር።

ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የቦቴው ሾፌር በ8 ሰዓት መሥመር ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ «ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው? አልተለካም ይላል» አለ። ያን ጊዜ ለማንም ነግረነው የማናውቀውን የአቃቂን ሌሊት ታሪክ ተናገርን። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ዝም አለ። ኋላ ቡና የሚያፈሉት እናት ደብተሩን ተቀብለው፣ «እንግዲያስ ሌላው ሁሉ ተለክቷል ማለት ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ቍጥሮቹ የተከራከረ ሰው አልነበረም።

ጉድጓዱ ለመጠጥ አልተገዛም። ባለቤቱ ገበያዬን አበላሻችሁብኝ ብለው ጥቂት ቀን አኩርፈውን ነበር፤ በእርሳቸው ቦታ ብንሆን እኛም እናኮርፍ ነበር። ከተሰበሰበው ገንዘብ በከፊሉ ክዳን ያለው ትልቅ ሮቶ ተገዝቶ በግቢያችን ቆመ፤ ቦቴው የሚያመጣው ውሃ በእርሱ ውስጥ በክሎሪን እየታከመ ለዐሥራ አንዱ ቤት ይከፋፈላል። የቦቴው ዋጋ አልቀነሰም፤ ቅሬታውም ፈጽሞ አልጠፋም።

ይህን የምንጽፈው እያንዳንዱ ቤተሰብ የውሃ መርማሪ ይሁን ለማለት አይደለም። ነገር ግን ጉድጓድ የሚገዛ ወይም የሚያስቆፍር ሰው፣ ሹምም ሆነ የቤት አባወራ፣ ስንት ሜትር እንደ ሆነ ብቻ ጠይቆ ሊረካ አይገባውም። በየትኛው ንብርብር እንደ ተከፈተ፣ የላይኛው ክፍል በሲሚንቶ መደፈኑን፣ ለስንት ሰዓት እንደ ተሳበና በአጠገቡ ያለው ጉድጓድ ያን ጊዜ ምን እንዳደረገ ይጠይቅ፤ የተጻፈውንም ደብተር ይመልከት። በደብተሩም ውስጥ በአንዳንድ መሥመር ላይ «አልተለካም» የሚል ቃል ቢያገኝ አይከፋ፤ ያንን የጻፈ ሰው ሌላውን በእርግጥ ለክቶት ይሆናልና።